ቁም ሣጥን ውስጥ የቀሩት ሽፋኖች

መጋዘኑን ለቅቄ ቤት መዋል ከጀመርኩ አንድ ክረምት አለፈ። ያስቀመጠኝ ጉልበቴ ነው እንጂ ልቤስ አሁንም ጁባ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ይዞራል። ጠዋት ጠዋት ኒምራ ታላታ ከሚባለው ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ ደጃፍ ወንበር አውጥቼ የሚያልፈውን ጭነት ሁሉ እመረምራለሁ። ያ ሸራ ለምን በአንድ በኩል ብቻ ታሰረ? ያ ሰውዬ ጆንያ ተሸክሞ ለምን ወደኋላ ይገላመጣል? ባለቤቴ ዘሃራ ትስቅብኛለች። "ሥራውን ከተውክ ዐይንህንም አሳርፈው እንጂ! ሰው ስትጠረጥር ከምትውል የሆድህን ወረቀት ላይ አውጣው" አለችኝ። ደብተሩንም እስክሪብቶውንም የገዛችው እሷ ናት። ለምን እንደገዛችው ግን እስካሁን በደንብ አልገባኝም፤ የሆነ ነገር ፈልጋ ይሆናል።

ሰይድ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ጁባ ያመጣኝ ሐጂ ኑሩ የሚባል የአገሬ ሰው ነው። ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሳሙናና ብስኩት በጅምላ ያከፋፍል ነበር። "የማምነው ሰው አጣሁ" ብሎ አስጠራኝ። እኔ ደግሞ ማንንም የማላምን ሰው ነኝ፤ በዚህ ተስማማን። ደመወዜ ይዘገያል እንጂ ቀርቶ አያውቅም፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መጋዘን ጠባቂ ማለት ደመወዝ የሚከፈለው ተጠራጣሪ ማለት ነው። እኔ ካርቶን ሲገባ ከላይ አላየውም፤ ገልብጬ ታቹን ነው የማየው። ሌባ የሚከፍተው ከታች ነው፤ ሙጫውን በምላጭ ለይቶ፣ ዕቃውን አውጥቶ፣ መልሶ ይለጥፈዋል። ጆንያ ከሆነ ስፌቱን በጣቴ እከተላለሁ። ሁለት ጊዜ የተሰፋ ጆንያ የመርፌው ቀዳዳ ሰፋ ሰፋ ይላል፤ ዐይን ቢያልፈው ጣት አያልፈውም። የዘይት ጀሪካን ደግሞ ክዳኑን ነው የማሸተው።

በመጋዘን ሕይወቴ ትልቁን ትምህርት ያስተማረኝ ያሲን የሚባል የሐጂ ኑሩ የቅርብ ዘመድ ነው። ሳሙናው ክፍል የእሱ ነበር። ገብታችሁ ብታዩ ያስቀናል፤ ካርቶኖቹ እስከ ጣራው ድረስ በክር እንደተለካ ተደርድረዋል፤ ማኅተማቸው ሁሉ ወደ በሩ ዞሯል። ሐጂ ኑሩ ሌሎቻችንን "እንደ ያሲን አትደረድሩም?" እያለ ይቆጣን ነበር። አንድ ቀን ወገቤን አሞኝ ካርቶኖቹን በመዳፌ ደገፍ ስል ግድግዳው ሁሉ ወደ ውስጥ ሸሸ። ፊት ያለው ረድፍ ብቻ ነው ሳሙና ያለበት፤ ከኋላው ያለው በሙሉ ባዶ ካርቶን ነው። ያሲን በዚያው ቀን ድራሹ ጠፋ። እኔም ከዚያ ወዲህ አሰላለፉ የሚያምር ነገር ሳይ በመዳፌ ገፋ ሳላደርገው አላልፍም።

ወደ መጽሐፍ ሥራ ያስገባኝም ይኸው አመሌ ነው። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ለውዝ ገዛሁ፤ ሴትዮዋ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ሦስት ፍየሎች ተሥለውበታል፤ ግርጌው ላይ በእንግሊዝኛ "አይሸጥም" የሚል ታትሟል። ሴትዮዋን ከየት አመጣሽው ብላት "ከአሮጌ ወረቀት ሻጭ" አለችኝና ፊቷን አዞረች። ንያኩሮን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ለገጠር ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ እየሰበሰበች ትልካለች ሲባል ሰምቼ ነበር። ሌባዋን አገኘኋት አልኩና በቦዳቦዳ ሞተር ሄድኩባት።

ከሰፈሩ ባህል ማእከል ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መጽሐፍ ከግራና ከቀኝ ተቆልሎባት፣ ቀጭን ረጅም ሴት ተቀምጣለች። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና በጁባ ዓረብኛ "ደ ሱኑ?" አልኳት፤ ይህ ምንድን ነው ማለቴ ነው።

አየት አደረገችው። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ "ሒሳብ ነው። ፍየል መቁጠር መማር ፈለግህ እንዴ?" አለችኝ።

ንያዳክ ትባላለች፤ የኑዌር ልጅ ናት። ያደገችው ጋምቤላ በስደተኞች መጠለያ ነው፤ ትምህርቷንም አማርኛዋንም ያገኘችው እዚያው ነው። አገሯ ስትመለስ አስተማሪ ሆነች፤ ኋላም በትርፍ ጊዜዋ ይህን የመጽሐፍ ሥራ ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር ጀመረች። ከእኔ በዐሥር ዓመት ታንሳለች። እኔ ግን እስከ መጨረሻው መምህርት ነው ስላት የኖርኩት።

"ከዚህ የሚሰርቅ ሰው ካለ ከአንተ በፊት ማወቅ የምፈልገው እኔ ነኝ" አለችኝ። "ግን ሌባ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሰይድ እባላለሁ፤ መጋዘን ጠባቂ ነኝ።"

"በል እሺ ጋሽ ሰይድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ና።"

ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሄድኩት ለመርዳት አልነበረም፤ ምን እንደምታገኝበት ለማወቅ ነው። ሰው በነፃ ሲሠራ አይቼ አላውቅም ነበርና ዓመት ሙሉ ዐይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም። ጫማዋን አየሁ፤ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። ቤቷን አየሁ፤ አንዲት ክፍል ናት። መጨረሻ ላይ ደክሞኝ ተውኩት። በዚህ መሀል እሷን ስጠብቅ እኔ ራሴ ዓመት ሙሉ በነፃ ሠርቼ ተገኘሁ።

እኔንም ቢሆን ማን ያምነኛል? ሐጂ ኑሩ አንድ ቀን በሩን ዘጋና "ሰይድ፣ እንደ ወንድም ንገረኝ፤ ከመጽሐፉ ሥር ምን ትጭናለህ?" አለኝ። መንገድ ላይ ያሉት ወታደሮች ደግሞ ከሐጂ ኑሩ የባሱ ናቸው። ኬላ ላይ አንዱ ካርቶኑን በጠመንጃው አፍ እየነካካ "ሐበሻ መጽሐፍ ብቻ ይዞ ይሄዳል?" እያለ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅ፣ እኔ በሆዴ "እኔም ብሆን አላምንም ነበር" እላለሁ። መምህርት ንያዳክ ግን መላ ነበራት። ሁልጊዜ አንድ ያልታሸገ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ይዛ ነው የምትጓዘው። ወታደሩ ሲመጣ ገልጣ ትሰጠዋለች። እሱ ሥዕሉን ሲያገላብጥ ካርቶኖቹ ይረሳሉ።

ሥራውን በሁለት እጅ ነው የያዝኩት። መጽሐፍ ከዱቄት የከፋ ዕቃ ነው፤ ዱቄት ቢረጥብ ይጋገራል፣ መጽሐፍ ቢረጥብ ያብጥና አለቀለት። ካርቶን አልሞላም፤ ከሞላሁት አንድ ሰው አያነሣውም፤ አንድ ሰው ያላነሣው ካርቶን ደግሞ ይወረወራል። ግማሹን መጽሐፍ ጀርባው ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ አድርጌ እደረድራለሁ፤ እንዲያ ካልሆነ አንድ ወገን ያብጥና ሽፋኑ ይጣመማል። ከዚያ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ አስሬ፣ ቋጠሮው ላይ ሰም አንጠባጥባለሁ። ጠመኔ ከመጽሐፍ ጋር አይታሸግም፤ ሲፈጭ ሁሉን ነጭ ያደርገዋል። ጠመኔን ሩዝ ውስጥ ቀብሬ ነበር የምልከው፤ ሩዙን አስተማሪዎቹ ይበሉታል። መኪናው ላይ መጨረሻ የምንደርስበት ትምህርት ቤት ዕቃ መጀመሪያ ይጫናል። መጽሐፉ ሽፋኑ ተገንጥሎ ቢሸጥ እንዳውቀው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ከማሳርፈው ቁጥርና ማኅተም ሌላ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ዐሥራ ሰባተኛ ገጽ ላይ ትንሽ ሐምራዊ ማኅተም አሳርፍ ነበር። ይህን ማኅተም ከእኔና ከመምህርት በቀር ማንም አያውቀውም።

የእሷ አሠራር ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ስንደርስ እኔ ወደ ዕቃ ቤቱ ስሮጥ እሷ ዛፍ ሥር ትቀመጥና አንድ ልጅ ታስጠራለች። ማንኛውንም ልጅ፤ ጎበዙን አይደለም። "አንብብልኝ" ትለዋለች። ልጁ ይንተባተባል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይጀምራል። እሷ አትቸኩልም፤ አታርምም፤ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ትሰማለች። ሰማይ ደመና ቋጥሮ መንገዱ ሊጨቀይ ሲል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ፣ እሷ አሁንም ትሰማለች። እኔ በሆዴ እናደዳለሁ። አንድ ጊዜ "መምህርት፣ ቁም ሣጥኑን ሳታዪ እንዴት ታምኛቸዋለሽ?" ብላት "እኔ የመጣሁት ቁም ሣጥን ላስተምር ነው እንዴ?" አለችኝ። ልጁ ካነበበላት በኋላ መጽሐፉ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚወስደው፣ ከብት ሲጠብቅ ይዞት ይሄድ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ዕቃ ቤቱን የምታየው ከሁሉም በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አታየውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ዞር ዞር ማለቴን ዘሃራም ታዝባለች።

ከጁባ ወደ ሰሜን፣ ወንዙን ተከትሎ፣ ሙንዳሪ የሚባሉ ከብት አርቢዎች አገር አንድ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን አልጠራውም። አስተማሪው ዋኒ ይባላል፤ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ይኸው መሬት መሬት ማየቱ ከመጀመሪያው ቀን አላማረኝም። አርባ የንባብ መጽሐፍ አስረክበነው ነበር። በዓመቱ፣ በበጋ፣ ሌላ አርባ ይዘን ልንሄድ ስንል መምህርት ንያዳክ በወባ ወደቀች። "ጠብቀኝ" አለችኝ። መኪናው ግን በውሰት የተገኘ ነው፤ ሌላ ቀን አይገኝም። "ግድ የለሽም፣ እኔ አለሁ" አልኳትና ከሾፌሩ ጋር ብቻ ሄድኩ።

ስንደርስ ትምህርት ቤቱ ጭር ብሏል። ልጅ የለም፣ አስተማሪ የለም። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። "ኡስታዝ የታል?" አልኩት። ኡስታዝ የሚሉት እዚህ አስተማሪን ነው።

"ከከብቶቹ ጋር ወንዝ ዳር ወርዷል" አለኝ።

በትምህርት ቀን! ደሜ ፈላ። "ክፈትልኝ" አልኩና ቁም ሣጥኑን አስከፈትኩ።

መጽሐፎቹ ቆመዋል። አርባውም፣ በቁጥራቸው ተራ፣ ማኅተማቸው ወደ በሩ ዞሮ፣ በክር እንደተለካ። እጄን ሰድጄ የመጀመሪያውን ሳወጣው ቅልል አለብኝ። ገለጥኩት፤ ባዶ ነው። ሽፋን ብቻ። ውስጡ በቢላዋ ተልጦ ወጥቷል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አርባኛውም እንዲሁ።

ያሲን ታየኝ። የሳሙናው ግድግዳ ታየኝ። ለውዝ የተጠቀለለበት የፍየል ሥዕልም ታየኝ። ወረቀቱን በኪሎ ሸጦ ከብት ገዝቷል፤ ገዝቶም እሱን ሊጠብቅ ወንዝ ዳር ወርዷል። ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት አልተናደድኩም፤ ደስ ነው ያለኝ። ስንት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ሌባ በመጨረሻ አገኘሁት። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

መኪናውን ያዩ እናቶችና ሽማግሌዎች ተሰባስበው ነበር። ሽፋኖቹን ከፊታቸው መሬት ላይ ዘረገፍኩና "ኡስታዝ ታኩም ሀራሚ!" ብዬ ጮህኩ። አስተማሪያችሁ ሌባ ነው ማለት ነው። አንዲት ሴት የሆነ ነገር ልትለኝ ወደ ወንዙ እያመለከተች ቀረበች። ዘመዱ ትሆናለች ብዬ ፊቴን አዞርኩባት። አዲሶቹን አርባ መጽሐፎች ሳላወርድ መኪናዋን አስነሣሁ። ስመለስ የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋ ቆሜ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፦ ሽፋኖቹ አሉ፣ ውስጣቸው ተሽጧል፣ አስተማሪው በሥራ ሰዓት ከብት ይጠብቃል። ፈርሜ ሰጠሁ።

መምህርት ንያዳክን አልጋዋ ላይ ሆና አገኘኋት። የሠራሁትን እንደ ጀግና ዘረዘርኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና "ማን አነበበልህ?" አለችኝ።

"ምን?"

"የትኛው ልጅ አነበበልህ?"

"ልጅ የለም አልኩሽ እኮ! ዝግ ነው።"

"ሽፋን ማየትህን አምናለሁ ጋሽ ሰይድ። 'ተሽጧል' ያልከውን ግን ከየት አመጣኸው? ሲሸጥ አየህ? የገዛ ሰው አገኘህ?"

ቢሆንም አልተሸነፍኩም፤ እሷም ልቧ ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ ሌባ ያታልላታል አልኩ። ከወባዋ ተነሥታ ጽሕፈት ቤቱ እስክትደርስ ዋኒ ከሥራ ተሰናብቷል። ምን ብለው እንደጠየቁት፣ ጠይቀውትም እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ግማሽ ገጽ በቅቷቸዋል መሰለኝ።

ወር ሳይሞላ "ተነሥ፣ ወንዝ ዳር እንሄዳለን" አለችኝ። መኪና እስከቻለው ሄዶ ቀሪውን በእግር፣ ከዚያም በታንኳ ተሻገርን። በበጋ ሙንዳሪዎች ከብታቸውን ይዘው ሣር ወዳለበት ደሴት ይወርዳሉ፤ ልጆቹም አብረው ይወርዳሉ፤ ትምህርት ቤቱ ባዶ የሚቀረው ለዚህ ነው። ይህን ሾፌሩ እንኳን ያውቅ ነበር። እኔ አልጠየቅኩትም።

ኩበት የሚጨስበት ሰፈር ደረስን። ቀንዳቸው ክንድ ተኩል የሚሆን በሬዎች በየካስማው ታስረዋል። ከጭሱ ወዲያ ልጆች አመድ ተቀብተው ክብ ሠርተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ ወንዱም ሴቱም። በየእጃቸው ቀጫጭን ነገር ይዘዋል። መሀላቸው ዋኒ ቆሟል።

መምህርት እንደ ልማዷ ተቀመጠችና አንዷን ልጅ ጠራች። ልጅቷ አነበበችላት። ሳትንተባተብ ነበር ያነበበችው። ያነበበችበትን ተቀብዬ አየሁት። ዐሥር ዐሥራ ሁለት ገጽ ይሆናል፤ በዓሣ መረብ ክር የተሰፋ፣ ሽፋኑ ከሲሚንቶ ከረጢት የተቆረጠ። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ዐሥራ ሰባተኛው ገጽ መጣ። ሐምራዊዋ ማኅተሜ እዚያው ቁጭ ብላለች። እኔም ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ዋኒ ቀረበኝ። አሁንም መሬት መሬት እያየ፣ በቀስታ፣ በጁባ ዓረብኛ ነገረኝ። "መጽሐፉ አርባ፣ ልጆቹ ከመቶ በላይ ናቸው። እዚህ የሚከርሙትም በስድስት ሰፈር ተበታትነው ነው። አንዱን መጽሐፍ አራት ቦታ ቆርጬ ሰፋሁት። አንዱ ሲጨርስ ለሌላው ይሰጣል፤ ሰፈር ለሰፈርም ይለዋወጣሉ። እኔ በየሰፈሩ እዞራለሁ።"

"ሽፋኑንስ?" አልኩት።

"ሽፋኑ ላይ ቁጥርና ማኅተም አለ። ሐበሻው ሲመጣ ቁጥር ይፈልጋል፣ አንዱም እንዳይጎድልበት ብዬ በተራ አቆምኩልህ።"

ለእኔ ነው ያቆማቸው። እኔ ደስ እንዲለኝ። ሌላ ሰው ቢያያቸው ጥንቃቄ ይላቸው ነበር፤ እኔ ያየሁት ያሲንን ነው።

"ማሌሽ" አልኩት፤ ይቅርታ ማለት ነው። በጁባ ሰው እግር የረገጠም ማሌሽ ነው የሚለው።

ራሱን ነቀነቀ። "እዚህ አትበለኝ። ሌባ ያልከኝ እዚህ አይደለም። ያልክበት ቦታ፣ የሰሙት ሰዎች ፊት ና።"

ልጆቹ ከደሴቱ እስኪመለሱ ጠበቅን። የመጀመሪያው ዝናብ እንደወረደ አርባዎቹን መጽሐፎች ይዘን ሄድን። በመንገድ ላይ ስንት ነገር አሰብኩ መሰላችሁ። ዘበኛው በደንብ አላስረዳኝም ልበል? መኪናው ይቸኩል ነበር ልበል? በገበያ ስንት ሌባ እንዳለ ላስረዳቸው?

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሰዉ ተሰብስቧል። ያቺ ወደ ወንዙ ስታመለክት የነበረችው ሴትም አለች፤ ልጇ ከዋኒ ተማሪዎች አንዷ ኖራለች። ተነሥቼ፣ በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ ኡስታዝ ዋኒ ሌባ አይደለም፣ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። ልቀመጥ ስል አንድ ሽማግሌ በእጁ ምልክት አቆመኝ።

"ሌባ ነው ብሎ የነገረህ ማን ነው?" አለኝ።

አየት አየት አደረግሁ። በመጋዘን ዘመኔ ሁሉ አንድ የሚጠቆም ሰው አጥቼ አላውቅም።

"ማንም አልነገረኝም" አልኩ።

"ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

"ማንም አልነገረኝም!" ብዬ ጮህኩ። እንባዬ መጣ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም።

ዋኒ እጁን ሰጠኝ፤ ጨበጠኝ ማለት አልችልም፤ ሰጠኝ ብቻ። ከመምህርት ጋር ሆነን ለጽሕፈት ቤቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፍን፤ ይሄኛው ሁለት ሙሉ ገጽ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው አንብቦ ማዘኑን ነገረን። ቦታው ግን በሌላ ሰው ተይዟል፤ ክፍት ቦታ ሲመጣ ይታያል አለ። እኔ በግማሽ ገጽ ያፈረስኩት በሁለት ገጽ አልቆመም። አዲሱ አስተማሪ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል ይባላል። በበጋ ወደ ደሴቱ የሚወርደው፣ በክረምት ክፍሉን የሚከፍተው አሁንም ዋኒ ነው። ለዚያ የሚከፍለው የለም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሠራሁ። መጠርጠሩን ተውኩ ብል እዋሻለሁ፤ እስካሁንም ካርቶን ሲገባ ገልብጬ ታቹን ነው የማየው። ሰው ዘንድ ስደርስ ግን ከቁም ሣጥኑ በፊት ዛፍ ሥር መቀመጥ ተማርኩ። ልጅ ሲያነብልኝ ግማሹ አይገባኝም፤ ቢሆንም እስኪጨርስ እሰማለሁ።

ጉልበቴ እምቢ ከማለቱ በፊት የመጨረሻው ጉዞዬ ወደ ዋኒ ትምህርት ቤት ነበር። ዕቃውን አወረድን፤ የርክክቡን ወረቀት አወጣሁ። የወረቀቱ ወግ የታወቀ ነው፤ ከላይ ያስረከበው ሰው ስሙንና ሥራውን ይጽፋል፣ ከታች የተረከበው። እኔ እንደ ሁልጊዜው ሰይድ ብዬ፣ ከጎኑ በጎ ፈቃደኛ ብዬ ጻፍኩ። ዋኒ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። ስሙን ጻፈ። ሥራ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ አስተማሪ ብሎ ጀመረና ቆም አለ፤ አስተማሪው በወረቀት ሌላ ሰው ነው። የጀመራትን ሰረዛትና የእኔን አይቶ እንደ እኔው በጎ ፈቃደኛ ብሎ ጻፈ።

"እነሆ፣ አሁን አንድ ሆንን" አለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ወድጄ፣ ሥራ ከማልሠራበት ቀኔ ቀንሼ ነው። እሱ በነፃ የሚያስተምረው እኔ እንጀራውን ስለቀማሁት ነው።